ዮክ ወይስ ጆይስቲክ? መጀመሪያ ጠረጴዛችሁን ለኩ

የበረራ ሲሙሌተር የጀመረ ሰው ሁሉ ትንሽ እንደቆየ በኪቦርድ መብረር ይሰለቸዋል። ከዚያ «የትኛውን መቆጣጠሪያ ልግዛ?» ይላል። ክርክሩ ወዲያው ብራንድ ላይ ይወድቃል። አንዱ ሃኒኮምብ ይላል፣ ሌላው ትረስትማስተር፣ ሌላው ሎጊቴክ። ዕቃው ስለሚታሰርበት ጠረጴዛ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

እኔ ከጠረጴዛው ነው የምጀምረው። ውድ ዮክ (እንደ መኪና መሪ የሚዞር፣ የሚሳብና የሚገፋ መቆጣጠሪያ) በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ መጥፎ ዮክ ነው። ርካሽ ጆይስቲክ (በአንድ እጅ የሚያዝ ዱላ) በደንብ ከታሰረ ደግሞ ከዋጋው በላይ ያገለግላል። አውሮፕላን ስታሳርፉ እጃችሁ የሚያደርገው እንቅስቃሴ በጣም ትንሽ ነው። ጎማው መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫውን ቀስ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ። የምትስቡት ጥቂት ነው። በዚያች ቅጽበት ዕቃው ከቦታው ትንሽ ቢንሸራተት፣ ወይም የጠረጴዛው ጠርዝ ከእጃችሁ ጋር ቢነሳ፣ እናንተ ያዘዛችሁትና አውሮፕላኑ የሰማው አይገናኝም። ብዙ ሰው ይህንን «ሴንሲቲቪቲው አስቸገረኝ» እያለ በሴቲንግ ሊፈታው ይታገላል። ጥፋቱ ያለው ያልጠበቀው ብሎን ላይ ነው።

ሜትር ይዛችሁ ጎንበስ በሉ

መጀመሪያ ውፍረቱን ለኩ። አብዛኛው ዮክ የሚመጣው ከራሱ ሞርሳ ጋር ነው፤ ሞርሳው ደግሞ የሚከፈትበት ልክ አለው። ተራ የቺፑድ ጠረጴዛ 18 ወይም 25 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይገባል። ጣጣ የሚመጣው ጠርዙ እንዲያምር ተብሎ ድርብ ሲለጠፍበት ወይም ጠረጴዛው ወፍራም ዋንዛ ሲሆን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሞርሳው እስከ ስንት እንደሚከፈት ሻጩን ጠይቁት።

ከዚያ የጠረጴዛውን ሆድ እዩ። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ መሳቢያ፣ የእንጨት ማገር ወይም ቱቦላሬ ካለ የሞርሳው ምላስ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። መዳፋችሁን ገልብጣችሁ ከታች በኩል ጠርዙ ላይ ለጥፉት። መዳፉ ሙሉ በሙሉ ለጥ ካለ ጥሩ ነው። ካልሆነ የዮክ ሐሳባችሁን ለጊዜው ያዝ አድርጉት።

ጥልቀቱም አለ። የዮክ ሣጥን ትልቅ ነው። ከሣጥኑ ወደ እናንተ የሚወጣው ዘንግና እጀታም ቦታ ይፈልጋል። 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሞኒተር ከነእግሩ፣ ዮክና ኪቦርድ አንድ ላይ አይስማሙም። ሞኒተሩን ግድግዳ ላይ መስቀል ወይም በክንድ ማንሳት ብዙ ቦታ ይመልሳል። እንዲያውም ለዮክ ያሰባችሁትን ገንዘብ ከፍላችሁ የሞኒተር ክንድ ብትገዙበት የማትጸጸቱበት ጊዜ አለ።

ከፍታውን ብዙ ሰው ቸል ይለዋል። የተለመደ የጽሕፈት ጠረጴዛ 72 እስከ 75 ሴንቲሜትር ነው። የተሠራው ለመጻፍና ለኪቦርድ ነው። ዮክ ላዩ ላይ ሲጫን እጀታው ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ክንዳችሁም አብሮ ይነሳል። አዲስ አበባ ተነስታችሁ ዱባይ እስክትደርሱ ትከሻ ይቃጠላል። ወንበሩን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ በእግር የሚገፋ ፔዳል ካላችሁ ግን እግራችሁ አንጠልጥሎ ይቀራል። አንዱን ስትይዙ አንዱ ያመልጣል።

የተሠራበት ነገር የመጨረሻው ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ሞርሳ አታጥብቁ። በቃ። ቺፑድ ይችላል፤ ነገር ግን ሞርሳው በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚጫን ላዩን ይሰረጉዳል። ከላይም ከታችም ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ወይም ጎማ አስገቡ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ርካሽና ቀላል ጠረጴዛ ከሆነ በጣታችሁ አንኳኩት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ውስጡ የወረቀት ቀፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ላፕቶፕና ሞኒተር ይሸከማል፤ የሞርሳ ጥርስ ግን ይሰምጥበታል።

ምን ታበራላችሁ?

ቦይንግ ዮክ ነው፣ ኤርባስ ሳይድስቲክ (በጎን በኩል የሚቆም ትንሽ ዱላ) ነው፣ ተዋጊ ጄትና ሄሊኮፕተር ዱላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ ቤቱ ሆኖ መድገም ለሚወድ ሰው ይህ ትርጉም አለው። የአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ዳሽ 8-400፣ 737ቱ፣ 777ቱና በአፍሪካ መጀመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. የገባው 787 ሁሉም በዮክ የሚበሩ ናቸው። ኤ350 ብቻ ነው በሳይድስቲክ የሚበረው። ሴስና 172 ላይ መማር የሚፈልግም ዮክ ነው የሚጠብቀው።

እንግዲህ በዚህ ስሌት ዮክ ያሸንፋል። እኔ ግን ለብዙው ሰው ጆይስቲክ ነው የምመክረው። ሲሙሌተሩ በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ ግድ የለውም። 737ን በጆይስቲክ ማሳረፍ ይቻላል፣ እንዲያውም ይቀላል። የሚቀርባችሁ ስሜቱ ነው። ስሜቱን ለማግኘት የምትከፍሉት ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ጠረጴዛ ነው።

ዮክ ብላችሁ ከወሰናችሁ ግን ልዩነታቸውን እወቁ። ሎጊቴክ ጂ ፍላይት ዮክ ሲስተም የድሮው የሳይቴክ ንድፍ ነው፤ ሎጊቴክ ሳይቴክን የገዛው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ ባለ ሦስት ምሳር የትሮትል (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያ) ሣጥን አብሮት መምጣቱ ነው። መሪው ግን የሚዞረው ትንሽ ነው፣ መሃል ላይም ያዝ ያደርጋል። ያቺን ረጋ ያለች የማረፊያ እንቅስቃሴ የምታበላሸው እሷ ነች። ሃኒኮምብ አልፋ በሁለቱም በኩል 90፣ በድምሩ 180 ዲግሪ ይዞራል። የሞተር ማስነሻ ቁልፍና የመብራት ማብሪያዎች ፊቱ ላይ አሉት። ትሮትል ግን የለውም፤ ለብቻው ትገዛላችሁ። ተርትል ቢች ቬሎሲቲ ዋን ፍላይት ዮክና ትሮትልን አንድ ላይ ይሰጣል፣ ከኤክስቦክስ ጋርም ይሠራል። በአንድ ጊዜ ተገላግሎ መብረር ለሚፈልግ ይመቻል።

የትረስትማስተር ቲሲኤ ዮክ ቦይንግ እትም ከሁሉም የተለየ ነው። የ787ቱን መሪ መልክ ይዟል። ዘንግ ከሣጥን ውስጥ አይወጣም፤ መሪው ከላይ ተንጠልጥሎ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ይህ እንቅስቃሴውን ለስላሳ ያደርገዋል። በአንጻሩ ዕቃው ቁመት አለው። ዝቅ ያለ ሞኒተር ካላችሁ የመሣሪያ ፓነሉን ታች ይጋርድባችኋል።

በጆይስቲክ በኩል ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ለግራም ለቀኝም እጅ ይሆናል። ቲሲኤ ሳይድስቲክ ኤርባስ እትምም እንዲሁ ቁልፎቹን ቀይሮ በግራ መያዝ ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኤርባስ ላይ ካፒቴኑ በግራ እጁ ነው የሚያበረው፤ ቀኝ እጁ ትሮትል ላይ ነው። የሁለቱም እጀታ ዞር ዞር ሲል እንደ ረደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል) መቆጣጠሪያ ስለሚያገለግል ለጊዜው ያለ ፔዳል መኖር ይቻላል። ከፍ ያለ ጥራት ለሚፈልግ ቪኬቢ ግላዲየተር አለ።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ጠይቁ፤ ዕቃው በማግኔት ነው ወይስ በሚፋተግ ሬዚስተር ነው የእጃችሁን ቦታ የሚያነበው? ማግኔቱ ሳይነካካ ስለሚያነብ አያልቅም። የሚፋተገው ግን ሲያረጅና አቧራ ሲገባበት ይንቀጠቀጣል። አውሮፕላኑ ሳትነኩት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። መስኮት ተከፍቶ የሚዋልበት፣ በበጋ አቧራ የሚነፍስበት ቤት ካላችሁ ትንሽ ጨምራችሁ የማግኔቱን ውሰዱ።

በምን እንሰረው?

ምንም ሳያስሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ለቀላል ጆይስቲክ አያስነቅፍም። የጆይስቲክ ስፕሪንግ ለስላሳ ከሆነ የታችኛው ጎማው ይዞ ይቆያል። ስፕሪንጉ ጠንከር ሲል ግን ሙሉ ስትስቡት ግርጌው ይነሳል። በግራ እጅ ደግፎ መያዝ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትሮትሉን ማን ይይዘው? ዮክን ሳያስሩ ማስቀመጥ ጨርሶ አይታሰብም። ስትስቡት ጭናችሁ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው የሚለጠፍ ነገር ነው። ሃኒኮምብ አልፋ ከሞርሳው በተጨማሪ የሚጣበቅ ንጣፍ አለው። ለስላሳና ንጹሕ ላዩ ያለው ጠረጴዛ ላይ በጣም ይይዛል። ሻካራ እንጨት ላይ ግን ዋጋ የለውም። አቧራ ከያዘም በውኃ እስኪጠረግ ድረስ ይለቃል። ለጆይስቲክና ለትሮትል ሣጥን ወፍራም ቬልክሮ የተሻለ ነው። ወደ ጎን መንሸራተትን ያቆማል፣ ሲያስፈልግም ይነሳል። ወደ ላይ የሚስብ ኃይልን ግን ቬልክሮ ብዙም አይችለውም። ስለዚህ ለትሮትል አዎ፣ ለጠንካራ ጆይስቲክ አይ።

ሦስተኛው ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሞርሳ ነው፤ ለዮክ ዋናው መንገድ ይሄው ነው። ሁለቱን ብሎኖች እኩል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ሣጥኑ ያጋድላል። በእጅ ጠብቆ ይበቃል። ፒንሳ ካነሳችሁ የፕላስቲኩ ጥርስ ይሰነጠቃል ወይም ጠረጴዛው ይሰረጉዳል። ከጥቂት በረራ በኋላ እንደገና ነካ አድርጓቸው፤ አዲስ ሞርሳ መላላቱ አይቀርም።

የሞርሳ ድክመቱ ግን ብሎኑ አይደለም፤ ራሱ ጠረጴዛው ነው። ዮኩ ምንም ቢጠብቅ ቀላል ጠረጴዛ አብሮ ይሳባል። ሁለቱን የኋላ እግሮች ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ ግድግዳ ላይ በብሎን ብታስሯቸው ወይም ከበድ ያለ ነገር ጠረጴዛው ጀርባ ላይ ብትጭኑ ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ። ቀጭን እግር ያለው ጠረጴዛ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ከጀርባው በኩል አንድ ሰያፍ እንጨት ወይም ላሜራ ምቱበት። አናጢ ዘንድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

አራተኛው ከጠረጴዛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል የብረት ማሰሪያ ነው። ለእኔ ምርጡ ይሄ ነው፤ በተለይ ለሳይድስቲክ። ማሰሪያው ጠረጴዛውን ይነክሳል፤ ጆይስቲኩ የሚቀመጥበት ሰሌዳ ግን ከጠረጴዛው ወለል በታች፣ ከወንበሩ ክንድ ጋር እኩል ይሆናል። ክርናችሁ ያርፋል። የምታንቀሳቅሱት በእጅ አንጓ እንጂ በትከሻ አይደለም። እውነተኛው ኤርባስ ውስጥም ሳይድስቲኩ ያለው ከክንድ ማሳረፊያ ፊት ነው። የጀርመኑ ሞንስተርቴክ በአሉሚኒየም የሚሠራቸው የታወቁ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የጆይስቲኩን ሊያህል ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ይህንን መግዛት አያስፈልግም። በያጅ ዘንድ ሂዱ። ጠረጴዛውን የሚነክስ ኤል ቅርጽ ያለው ብረት፣ ከታች ሁለት ማጥበቂያ ብሎን፣ ከፊቱ ደግሞ የጆይስቲኩን ግርጌ የሚያህል ላሜራ ይበቃል። ሥዕሉን በወረቀት ላይ ከነልኩ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአፍ አትናገሩ። የላሜራው ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆኑ ረዘም ያሉ ይሁኑ። ያን ጊዜ ጆይስቲኩን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያደረጋችሁ ለእጃችሁ ታስማሙታላችሁ። ብረቱና ጠረጴዛው መሃል ጎማ አስገቡ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ጆይስቲኮች ከሥራቸው የብሎን ቀዳዳ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ካላቸውም የብሎኑ ርዝመት ወሳኝ ነው። ረዥም ብሎን ከገባ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይወጋል። የቀዳዳውን ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለኩ፣ የላሜራውን ውፍረት ጨምሩ፣ ከዚያ በታች የሆነ ብሎን ግዙ። ሮንዴላ አትርሱ። ቀዳዳ የሌለውን ዕቃ ደግሞ በትራፓኖ አትብሱት። ሰሌዳው ላይ አስቀምጣችሁ በፕላስቲክ ቀበቶ ግርጌውን ማሰር ይሻላል።

አምስተኛው ለብቻው የሚቆም ማቆሚያ ነው። ዮኩ ወይም ዱላው በሁለት ጉልበታችሁ መሃል ይቆማል፣ ፔዳሉም ከታች ከማቆሚያው ጋር ይታሰራል። ጠረጴዛው ነጻ ይሆናል። ከፍታው ይስተካከላል። ኔክስት ሌቭል ሬሲንግ እንዲህ ያለ ይሸጣል። ሄሊኮፕተር ለሚያበር ወይም ዱላው መሃል ላይ የሆነ ተዋጊ ጄት ለሚወድ ሌላ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ማቆሚያው የት ያድራል የሚለው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ የሚታጠፍ ቢሆንም እንኳ፣ አልጋና ቁም ሣጥን መሃል የሚያደናቅፍ ብረት ይሆናል። የቤቱን ሰው ፊት አይታችሁ ወስኑ።

ትሮትሉን የት?

ከመብረር በፊት አይጥ የት እንደሚሆን አስቡ። ሲሙሌተር ውስጥ ቁልፎችን በአይጥ ትነካላችሁ። ቀኝ እጅ ለትሮትል ከሆነ አይጡ ይፈናቀላል። እኔ ትሮትሉን ከዮኩ ጎን ጠርዝ ላይ፣ አይጡን ደግሞ ከትሮትሉ በስተቀኝ ማድረግ ይሻለኛል። ቦታ ከሌለ ትሮትሉን ከጠርዙ በታች በብረት ማሰሪያ ማንጠልጠል ነው።

የጄት ብቻ ሰው ከሆናችሁ ሁለት ምሳር ይበቃል። የቲሲኤ ኤርባስ ትሮትል መውጫ፣ መነሻና ማዝገሚያ ቦታዎቹ ላይ ጠቅ የሚል መያዣ ስላለው ሳታዩ በእጅ ታውቁታላችሁ። ሲሙሌተሩ ላይ የሚጫነው፣ ነጻ የሆነው የፍላይ ባይ ዋየር ኤ320 በዚህ ሲበር ደስ ይላል። ትንንሽ ባለ ፒስተን አውሮፕላን የምታበሩ ግን ለነዳጅ ቅልቅል የራሱ ምሳር ያስፈልጋችኋል። ቦሌ በ2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቀጭን ነው። ሴስና 172ን ቅልቅሉን ሙሉ አድርጋችሁ ከዚያ ልታነሱ ብትሞክሩ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ጉልበት ያጣል። ከመነሳት በፊት ቅልቅሉን መቀነስ አለባችሁ፤ ይህን በኪቦርድ ቁልፍ እየቆነጠሩ ማድረግ ያበሳጫል። ላሊበላም ጎንደርም ያው ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን ለመዞር ያሰበ ሰው ባለ ሦስት ምሳሩን የሎጊቴክ ሣጥን ወይም ባለ ስድስት ምሳሩን ሃኒኮምብ ብራቮ ይያዝ። ብራቮ የአውቶፓይለት ቁልፎች፣ የጎማ ማውጫና የትሪም (አፍንጫው ባለበት ከፍታ እንዲቆይ የሚያደርግ) መዘውርም አለው። ትልቅ ነው፣ ከዮኩ ቀጥሎ ሌላ ቁራጭ ጠረጴዛ ይበላል።

ፔዳልና ጎማ ያለው ወንበር

ፔዳሉን በእግር ስትገፉት እሱ ወደፊት ይሄዳል፤ እሱ ካልሄደ እናንተ ወደኋላ ትሄዳላችሁ። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ካላችሁ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። በሴስና ስትነሱ ደግሞ አፍንጫው ወደ ግራ ስለሚጎትት ቀኝ ፔዳል ያለማቋረጥ ትገፋላችሁ። ልትነሱ ስትሉ ከጠረጴዛው እየራቃችሁ ነው።

ርካሹ መፍትሔ ወንበሩን መቀየር ነው። አራት እግር ያለው የምግብ ወንበር አውጡ። የወንበሩን ምቾት ከፈለጋችሁ ፔዳሉንና የወንበሩን ምሰሶ በጠንካራ ቀበቶ አገናኙ፤ ስትገፉ ቀበቶው ይወጠራል፣ ሁለቱም ባሉበት ይቆያሉ። ሴራሚክ ወለል ላይ ፔዳሉ ራሱ ይንሸራተታል። ከሥሩ ጎማ ምንጣፍ አድርጉ፣ ከጀርባው ደግሞ እስከ ግድግዳው የሚደርስ ጣውላ አስገቡ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ ምንጣፉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማታ ላይ የታችኛው ጎረቤት ቋ ቋ የሚል ነገር አይሰማም።

ፔዳል የግድ ነው ወይ? ለአየር መንገድ ጄት ብዙም አይደለም። ከመንደርደርና ከጎን ንፋስ ማረፊያ ውጪ እግራችሁ ሥራ አይኖረውም። ለትንሽ አውሮፕላንና ለሄሊኮፕተር ግን ከዮክ በፊት ፔዳል ግዙ።

ሽቦው

ሁሉም ነገር በዩኤስቢ ነው። ላፕቶፕ ቀዳዳ ስለሚያንሰው ሀብ ይገዛል። የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው ሀብ ይሻላል ይባላል፤ ለዴስክቶፕ እውነት ነው። ለላፕቶፕ ግን መብራት በሚሄድበት አገር ሌላ ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ዲቫይደር ላይ የተሰካው ሀብ ግን ሊጠፋ ይችላል። ለማረፍ እየወረዳችሁ ሳለ መሪ፣ ትሮትልና ፔዳል አንድ ላይ ይሰወራሉ። ቢያንስ ዋናውን መቆጣጠሪያ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢ የሚያጠፋበትን ምርጫም ዝጉት፤ በረዥም በረራ መሃል የሚጠፉ መቆጣጠሪያዎች ምክንያት ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ማስተካከያውን ከታሰረ በኋላ ሥሩ። የመቆጣጠሪያውን የሴንሲቲቪቲ መስመር መጀመሪያ ቀጥታ እንደሆነ ተዉትና ጥቂት ጊዜ አሳርፉ። እጃችሁን ስታነሱ መሃል ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብቻ ትንሽ የማይሰማ ቀጣና (መሃል ላይ እንቅስቃሴው የማይቆጠርበት ክፍል) ጨምሩ። ገና ሳይበሩ መስመሩን ማጉበጥ የሚጀምሩ ሰዎች ችግሩ ሞርሳው ይሁን ሴቲንጉ መለየት ያቅታቸዋል።

እንግዲህ የእናንተስ?

የምትበሩት ቤተሰብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሚዞር እጀታ ያለው ጆይስቲክ ግዙ። ክንድ የሚያህል ኮምፔንሳቶ ቁረጡ፣ ጆይስቲኩን በአንድ ጫፍ ትሮትሉን በሌላው ጫፍ አስሩበት፣ ከሥሩ ጎማ ለጥፉ። ምሳ ሲቀርብ ሰሌዳውን እንዳለ ታነሱታላችሁ። ዮክን በየቀኑ ማሰርና መፍታት ማንንም ያሰለቻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፣ በዚያው ይረሳል።

የራሳችሁ ትንሽ ጠረጴዛ ካላችሁና ሥራም የምትሠሩበት ከሆነ፣ ሳይድስቲኩን ከጠርዝ በታች በሚንጠለጠል ብረት አድርጉት። ኪቦርዱ ቦታውን አይለቅም። ቦይንግ ወዳጆች ይህን አይወዱትም፤ እነሱ በወፍራም ጠረጴዛ ላይ አልፋን ወይም ቲሲኤ ዮክን ያስሩና ለሥራ ሲቀመጡ ከፊታቸው መሪ ይዘው ኢሜይል ይጽፋሉ። አንዳንዱ ሰው ይህ ደስታው ነው።

ለበረራ ብቻ የተተወ ጥግ ካለ ዮክ፣ ብራቮና ፔዳል በአንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይግቡ፣ ጠረጴዛውም ግድግዳ ላይ ይታሰር።

ዕቃው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ተጓዡ ኪሎና ቦታ ለመቆጠብ ካርቶኑን ይጥለዋል። ሞርሳው፣ ብሎኖቹና ኤል ቅርጽ ያላት ማጥበቂያ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ጥግ ለብቻቸው በትንሽ ፌስታል ነው ያሉት። ከመጣሉ በፊት ፌስታሏን አውጥቶ ዕቃው ላይ በስኮች ይለጥፍላችሁ።